ለክፉ ቀን የተቀመጠ

እስቲ ከተቀመጡበት ሳይነሡ እጅዎን ወደ እግርዎ ይስደዱና ከተረከዝዎ በላይ የቆመውን ጅማት በሁለት ጣት ይያዙት። ወዲህና ወዲያ ሲሉት ቆዳው በላዩ ላይ ይንሸራተታል። በጣትዎና በጅማቱ መካከል ጮማ የለም፣ ሥጋም የለም፤ ያለው ስስ ቆዳ ብቻ ነው። በአገራችን ቋንጃ የሚባለው፣ ሐኪሞች በግሪክ ተረት ጀግና ስም የአኪለስ ጅማት የሚሉት ይህ ነው። በሰው ገላ ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ የሚወፍረውም የሚበረታውም እሱ ነው። ዳገት የምንወጣው፣ ከቦይ ላይ የምንዘለው፣ በጣቶቻችን ጫፍ ቆመን ከመደርደሪያ ዕቃ የምናወርደው በእሱ ነው።

አንድ ስንዝር በማይሞላው በዚህ ስፍራ የፈጣሪ ጥበብ ሁለት ጊዜ ይታያል። አንደኛው ጅማቱ ደኅና ሳለ ነው። ሁለተኛው ጅማቱ ተበጥሶ፣ ቆዳውም አብሮ ተገፎ፣ ቀዶ ሐኪም ሊጠግነው ሲነሣ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው ነው። ገላችን ለዕለት ሥራው ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀንም ተሰናድቶ መፈጠሩ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነውና።

በመጀመሪያ ግን ደኅነኛውን እንይ። ከጉልበት በታች ከኋላ ያሉት የባት ጡንቻዎች ወደ ታች ሲወርዱ እየቀጠኑ ይመጡና ነጭ ጅማት ሆነው ይዋሐዳሉ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርደውም ተረከዝ አጥንት ላይ ይተከላሉ። ክሮቹ የሚወርዱት ቀጥ ብለው አይደለም፤ ሩብ ዙር ያህል እየተጠመዘዙ ነው። መጫኛ ሲገመድ ያየ ሰው ምሥጢሩ ይገባዋል፤ ክር ለብቻው ደካማ ነው፣ ከወንድሙ ጋር ሲጠማዘዝ ግን ሸክም ይችላል። በጅማቱ ውስጥ ግመዳው የሚጀምረው ዓይን ከማይደርስበት ነው። ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ሦስት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠማዝዘው አንድ ሞለኪውል ይሆናሉ፤ ርዝመቱ 300 ናኖ ሜትር፣ ውፍረቱም 1.5 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ያስቡ። ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን እየተደረደሩ ቀጭን ክር፣ ክሮቹ ጥቅል፣ ጥቅሎቹም ጅማት ይሆናሉ።

በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ከሦስት አንዱ ቦታ ግላይሲን ለተባለው፣ ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ለሚያንሰው፣ የተያዘ ነው። ምክንያቱም ሦስቱ ሰንሰለቶች ሲጠማዘዙ መካከሉ እጅግ ይጠብባል፤ ከእሱ የሚተልቅ አይገባበትም። በአንዲት ቦታ ላይ ብቻ ግላይሲን በሌላ ቢተካ፣ አጥንታቸው ገና በማኅፀን ሳለ የሚሰበር ሕፃናት ሊወለዱ ይችላሉ። የሰው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሚቆመው ማንም ቆጥሮ ሳይነግረው በትክክል በተቆጠረ ነገር ላይ ነው።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ ይህ ጅማት ከሰውየው ክብደት ከስድስት እጥፍ በላይ፣ ማለትም ከ360 ኪሎ የሚበልጥ ጫና ይችላል። ሸክሙን ችሎ ብቻም ዝም አይልም። ይለጠጥና ጉልበቱን ያስቀምጣል፤ እግር ከመሬት ሲነሣ ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉን መልሶ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝ አገር የሊድስ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ አንድ ሯጭ በአንድ እርምጃ ከሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ሲሦው ያህል በዚህ ጅማት ተጠራቅሞ የሚመለስ ነው። ጡንቻ ያን ያህሉን እንደገና ከማምረት ይድናል ማለት ነው። ቺምፓንዚና ጎሪላ በዚህ ስፍራ ያላቸው ጅማት እጅግ አጭር ነው፤ ዛፍ መውጣት ተሰጥቷቸዋል፣ ረጅም መንገድ መሮጥ ግን አልተሰጣቸውም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ጫማ አልነበረውም፤ ይህ ጅማት ግን ነበረው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ኃያላን መንግሥታት በአየር ላይ ያፈነዷቸው የኒውክለር ቦምቦች ካርቦን 14 የተባለውን ንጥረ ነገር በከባቢ አየር አበዙት። በእህሉ በኩል አድርጎም ወደ ሰው ሁሉ ገላ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ይህንኑ ምልክት ተከትለው የሰዎችን የተረከዝ ጅማት መረመሩ። ያገኙት የጅማቱ እምብርት የሚሠራው ሰው ቁመት በሚጨምርበት ዕድሜ፣ እስከ 17 ዓመት ገደማ እንደ ሆነና ከዚያ በኋላ አይታደስም ለማለት እንደሚቻል ነው። ጡንቻው በየጊዜው ይታደሳል፤ የጅማቱ እምብርት ግን እንዳለ ይኖራል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ የቆሙበት ጅማት እናታቸው በልጅነታቸው ባበሏቸው እህል የተሠራው ራሱ ነው። ክፉ ሰው ለእንጀራ ተብሎ የተሠራውን ነገር ለጦር መሣሪያ አዋለው ሲባል ሰምተናል፤ እነሆ የቦምቡ አመድ ተገላብጦ የፈጣሪን ሥራ መመስከሪያ ሆነ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነገር እንዴት ስስ ቆዳ ብቻ ለብሶ ተተወ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሚዳቋና በፈረስ እግር ላይ ተጽፏል። ፈረስ ከጉልበቱ በታች ጡንቻ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለው አጥንት፣ ጅማትና ቆዳ ነው። እግር በእያንዳንዱ እርምጃ መወርወር አለበት፤ ከጫፉ ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ኪሎ ከላይ ከሚጨመረው ይልቅ ያደክማል። ስለዚህ ከባዱ ጡንቻ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ወደ ታች የወረደው ቀላሉ ጅማት ብቻ ሆነ። የባታችን መወፈርና የቁርጭምጭሚታችን መቅጠን ከዚህ የመጣ ነው። ፍጥነቱ ግን ዋጋ አለው። ጅማቱ ደም የሚያገኘው ከላይ ከጡንቻው፣ ከታች ከአጥንቱ፣ ከዙሪያውም ከሸፈነው ስስ ልባስ ነው። ከተረከዝ በላይ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍል ደሙ ያንሳል። አብዛኛው መበጠስ የሚደርሰውም እዚያው ነው።

ክፉው ቀን ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በቀላል ነገር ነው። ልጅ ከሞተር ብስክሌት ኋላ ተፈናጦ ይሄዳል። እግሩ መርገጫው ላይ አይደርስለትም፤ ተንጠልጥሏል። በአንድ መታጠፊያ ላይ ተረከዙ በሚሽከረከረው ጎማ ሽቦዎች መካከል ይገባል። ሹፌሩ ጩኸቱን ሰምቶ እስኪቆም ጎማው የተረከዙን ቆዳ ገፎታል፣ ጅማቱንም በጥሶታል ወይም ፈጭቶ ከፊሉን ወስዶታል። ሌላ ጊዜ ማጭድ ወይም የተሰበረ ጠርሙስ፣ ሌላ ጊዜ እሳት ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተሰፍቶ ይድናል የተባለ ጅማት ያመረቅዝና በላዩ ያለው ቆዳ ይሞታል። መነሻው ቢለያይም መጨረሻው አንድ ነው፤ ጅማቱ ጎድሏል፣ የሚሸፍነውም የለም።

ቁስሉን በቅርብ ያየ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ጅማቱን ነጭና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ያገኘዋል። ያ ብልጭታ የልባሱ ነው። ልባሱ ተገፎ ለአየር ከተጋለጠ በቀናት ውስጥ ይደበዝዛል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቅና ይሞታል። ከጭን ላይ ስስ ቆዳ ልጦ መለጠፍ ለብዙ ቁስል መድኃኒት ነው፤ የተላጠ ቆዳ ግን የራሱ ደም የለውም፤ ካረፈበት ስፍራ ደም እስኪያገኝ ድረስ በዚያው እርጥበት ይኖራል። ልባሱ ያልተገፈፈ ጅማት ላይ ይይዛል። ባዶው ጅማት ላይ ግን የሚጠጣው ስለሌለ ይረግፋል። እዚህ የሚያስፈልገው ደሙን ይዞ የሚመጣ ቆዳ ነው።

ጥንት ለዚህ ቁስል እንዲህ ያለ መላ አልነበረም። የግሪክ ሐኪሞች የዚህን ጅማት ቁስል ትኩሳትና ሞት ያመጣል ብለው ይፈሩት ነበር። በመጽሐፈ ኢያሱ የጠላት ፈረሶች ቋንጃቸው እንደ ተቆረጠ ተጽፏል፤ ፈረስን ሳይገድሉ ከጦርነት ለዘለዓለም ለማስወጣት ያ ይበቃ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1693 ጅማቱን በአኪለስ ስም የጠራው የፍላንደርሱ የአካል ጥናት ሊቅ ፊሊፕ ቬርሄየን ራሱ በሕመም ምክንያት አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው ነበር። ለብዙ ዘመን የክፉ እግር ቁስል መጨረሻ መጋዝ ነበር።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በደረቁ አጥንቶች ሸለቆ ያየው ራእይ ቅደም ተከተል አለው፤ አጥንት ከአጥንት ይገጥማል፣ ጅማት ይመጣል፣ ሥጋ ይወጣል፣ በመጨረሻም ቆዳ ይለብሳል። የዘመናችን ቀዶ ሐኪም ወደ ተረከዝ ቁስል ሲቀርብ የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በፊት የሞተውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል፤ ቁስሉ ንጹሕ እስኪሆን ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሊመላለስ ይችላል። አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ያቆመዋል። ከዚያ ጅማቱን ይፈልጋል። የጎደለው ጥቂት ከሆነ ጫፍና ጫፉን ስቦ ይሰፋዋል፤ ወይም ከላይ ያለውን የጅማት ክፍል ሰንጥቆ ወደ ታች ያወርደዋል። ብዙ ከጎደለ ግን ሌላ ጅማት ያስፈልገዋል። ከወዴት ያምጣው?

የመጀመሪያው መጠባበቂያ ከዚያው ከአጠገቡ ነው። ከባት ጡንቻ ሥር ጠለቅ ብሎ የእግርን አውራ ጣት ወደ ታች የሚያጥፍ ጡንቻ አለ። የጡንቻው ሥጋ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ወርዷል፤ ደም ጠግቧል፤ ብርቱም ነው። በእርምጃ ጊዜ የሚሠራው የባት ጡንቻ በሚሠራበት በዚያው ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ ተነሥቶ ቢዛወር አዲስ ሥራ መማር አያስፈልገውም። ሐኪሙ ጅማቱን ቆርጦ ያወጣዋል፣ ተረከዝ አጥንትን በስቶ ያስገባዋል፣ በብሎን ያስረዋል። ያ ለአውራ ጣት ተመድቦ የነበረ ጡንቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ሙሉ ያቆማል፤ ከነሥጋውም ስለሚቀርብ ደም ላጣው ስፍራ ደም ይዞለት ይመጣል። አውራ ጣቱስ? ትናንሾቹን ጣቶች ከሚያጥፈው ጅማት ጋር በውስጥ እግር በኩል የተያያዘ ስለሆነና የራሱም ትናንሽ ጡንቻዎች ስላሉት፣ ባለቤቱ በዕለት ኑሮው ጉድለቱን እምብዛም አያውቀውም። ከአንድ በላይ የተሰጠንን ያወቅነው አንዱን ስንወስድ ነው።

ሁለተኛው መጠባበቂያ ለቆዳው ነው። በባታችን ጀርባ መካከል ከቆዳው ሥር ቀጭን ነርቭ ይወርዳል፤ የውጭኛውን የእግር ጠርዝ ስሜት የሚሰጥ ነው። ያ ነርቭ ብቻውን አይጓዝም፤ እሱን የሚመግቡ ጥቃቅን የደም ሥሮች አብረውት ይወርዳሉ፣ በመንገዳቸውም ላይ ቆዳውን ያጠጣሉ። ከቁርጭምጭሚት በላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ደግሞ ከጥልቁ ደም ቅዳ የሚመጣ ቅርንጫፍ ያገኛቸዋል። በዚህ መንገድ ቆዳ ማዛወርን እ.ኤ.አ. በ1983 የስዊድን ሐኪሞች ጀመሩት፣ በ1992 የፈረንሳዩ ቀዶ ሐኪም ማስክሌና ባልደረቦቹ አብራርተው ጻፉት። ሐኪሙ ከባት ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቆዳ ከነነርቩና ከነደም ሥሩ ያነሣል፤ ታችኛውን ሥር ብቻ ሳይቆርጥ ይተወውና ቆዳውን ገልብጦ ወደ ተረከዝ ያወርደዋል። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን ደሙን ይዞ የሚዛወር ቆዳ ፍላፕ ይሉታል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ያ ደም ከልደት ጀምሮ ሲፈስ የኖረው ከላይ ወደ ታች ነው። ከተገለበጠ በኋላ ግን ከታች ወደ ላይ መፍሰስ አለበት። ይፈሳልም። ደም መልሶች ደግሞ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱ ክዳኖች አሏቸው፤ ደሙ ግን በክዳኖቹ ጎን በሚያልፉ ጥቃቅን መተላለፊያዎች ዞሮ ይወጣል። እነዚያ መተላለፊያዎች በጤናው ዘመን ጎልቶ የሚታይ ሥራ አልነበራቸውም። አንዳንድ ጊዜ አይበቁም፤ ቆዳው ይጠቁራል፣ ሐኪሙም ይጨነቃል። ብዙ ጊዜ ግን ይበቃሉ፤ ልጁም ተረከዝ ይኖረዋል።

ሦስተኛው መጠባበቂያ ከሩቅ ነው። ጅማቱም ቆዳውም በብዛት ከጎደለ ሐኪሙ ዓይኑን ወደ ጭን ያነሣል። የጭን ውጭኛ ጎን ሰፊ ቆዳ አለው፤ ከሥሩም የጭንን ጡንቻ የጠቀለለ ነጭና ጠንካራ ሽፋን አለ፤ በዚያው መካከል አንድ ደም ቅዳ ይወርዳል። የቻይና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1984 ከዚህ ስፍራ ቆዳን ከነደም ሥሩ ማንሣት እንደሚቻል አሳተሙ። ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ነጩን ሽፋን ከቆዳው ሳይለዩ አብረው አነሡት፤ ሽፋኑን ጠቅልለው በጎደለው ጅማት ፈንታ ሰፉት፣ ቆዳውን በላዩ አለበሱት። ከአንድ ስፍራ፣ በአንድ ደም ሥር የሚኖር ጅማትና ቆዳ! የጭኑ ቁስልም ብዙ ጊዜ ጠርዝና ጠርዙ ተገጥሞ ይሰፋል፤ ሰውየውም በዚያው ጭኑ ይሄዳል።

ይህን ዝውውር የሚያስችለው የደም ሥርን ቆርጦ ሌላ ቦታ መልሶ መስፋት ነው። ፈረንሳዊው አሌክሲስ ካሬል የደም ሥር መስፋትን በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሲያሻሽል መርፌ አያያዝን ከሊዮን ከተማ ጥልፍ ሠሪ ተምሮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በማይክሮስኮፕ ሥር ቀጫጭኑን ሥር መስፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በ1973 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ዳንኤልና ቴይለር የተባሉ ሐኪሞች ከብሽሽት ላይ ያነሡትን ቆዳ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ክፉኛ ለቆሰለ ወጣት ሰፉለት፤ በዓለም ላይ ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ቴይለር በኋላ ከባልደረባው ከፓልመር ጋር የሰውን ገላ የደም ሥሮች ሲቆጥር፣ ከጥልቁ ተነሥተው ቆዳን የሚያጠጡ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሰፉ ቅርንጫፎች በአማካይ 374 ሆነው አገኛቸው። ቁጥሩን እ.ኤ.አ. በ1987 አሳተሙት። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክልል አላቸው፤ ጎረቤታቸው ቢደክም ድንበር ተሻግረው የሚያጠጡም አሉ። እነዚህ ምንጮች ከአዳም ጀምሮ በሰው ሁሉ ገላ ነበሩ። ቆጥሮ ለማወቅ የተፈቀደው ግን ለኛ ዘመን ነው።

የስፌቱ ሰዓት ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ሐኪሙና ረዳቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው በአንድ ማይክሮስኮፕ ያያሉ። ከፊታቸው ያለው የደም ሥር ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ነው። ክሩ 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ከጠረጴዛው ላይ ቢወድቅ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ስምንት ወይም አሥር ስፌት ዙሪያውን ይገባል፤ አንዱ ስፌት ከኋላው ያለውን ግድግዳ አብሮ ቢይዝ ሥሩ ይዘጋል። ቆዳው በዚህ ሁሉ ጊዜ ነጭና ቀዝቃዛ ሆኖ ይጠብቃል። ከዚያ መቆንጠጫው ይከፈታል። ደም ቅዳው ይመታል፤ ጥቂት ቆይቶ የቆዳው ጠርዝ ይቀላል፣ ደማቅ ደምም ያቀረዝዛል፤ ደም መልሱም ይሞላል። በክፍሉ ያሉት ሁሉ የሚተነፍሱት ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች ቆዳውን በጣቷ ተጭና ትለቃለች። ነጥቶ በሁለት ሰከንድ ገደማ ከቀላ ደኅና ነው። በጣም ከዘገየ ደም ቅዳው፣ ከፈጠነና ከጠቆረ ደም መልሱ ታማሚ ነው። እግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በተረከዙ ምንም ነገር አይነካም።

የሐኪሙ እጅ የሚያበቃው እዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚሠራ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክ ሃሚልተን የአንዱን እግር ቆዳ ከሌላው እግር ቁስል ጋር ሰፍቶ ማዳንን አስተዋወቀ፤ በዚህ መንገድ ሁለቱ እግሮች ሦስት ሳምንት ያህል ተሰፍተው ይቆዩና ይቆረጣሉ፤ ቆዳው ግን በአዲሱ ስፍራ ይኖራል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቁስሉ ራሱ ወደ እንግዳው ቆዳ አዳዲስ ሥሮችን ሰድዶበታልና። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ሆስፒታል ዛሬም ይህ ሕክምና እግር ያድናል። የትኛውም ሐኪም እነዚያን ሥሮች መስፋት አይችልም፤ ሰፍቶም አያውቅም። የሚችለው ቆዳውን አጠገብ አድርጎ መጠበቅ ነው።

በጅማቱም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስፍራው ይቆጣል፣ ያብጣል፤ የሞተውን የሚያነሡ ሕዋሳት ይገባሉ። በሳምንታት ውስጥ ሌሎች ሕዋሳት ቀጠን ያለና ደካማ ኮላጅን በጥድፊያ ይሠራሉ፤ ለዚህ ሥራ ቫይታሚን ሲ የግድ ነው፤ ጥንት በመርከብ ላይ አትክልትና ፍራፍሬ ያጡ መርከበኞች የዳነ ቁስላቸው እንደገና ይከፈት የነበረው በዚህ ጉድለት ነው። ከዚያ በወራት ውስጥ ደካማው በብርቱው ይተካል። ክሮቹ በፊት ወዲያና ወዲህ የተመሰቃቀሉ ናቸው፤ እግሩ ከጀሶ ወጥቶ ቀስ በቀስ ክብደት ሲቀበል ግን ሕዋሳቱ ጉተታው ከወዴት እንደሚመጣ ይሰማቸዋል፣ ክሩንም በዚያው መስመር ያስተካክሉታል። ለጭን ሽፋን የነበረው ሥጋ እየተጎተተ ጅማት መሆንን ይማራል። ለዚህ ነው ሐኪሞች እግሩን በመጀመሪያ ቁልቁል አዘንብለው የሚያስሩት፣ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ የሚያቃኑት፣ ከዚያም ታማሚውን ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚልኩት። እግሩ ጨርሶ ካልተጫነ ጅማቱ አይጠነክርም፣ አለጊዜው ከተጫነም ይበጠሳል።

እውነቱን ለመናገር የተመለሰው እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ታማሚው ብዙ ጊዜ ይራመዳል፣ ሥራውን ይሠራል፤ በአንድ እግር ጣት ጫፍ ብቻ ቆሞ ተረከዙን ማንሣት ግን ለብዙዎች ከባድ እንደ ሆነ ይቀራል። የመጣው ቆዳም አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ የደነዘዘ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠጠር ሲገባበት አያምም፣ ጫማ ሲልጠው አያስጠነቅቅም፤ ባለቤቱ ማታ ማታ ተረከዙን በዓይኑ ማየት፣ በእጁ መዳሰስ አለበት። ይህን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ናቸው። በደቡብ ሕንድ ቬሎር የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የደዌው ታማሚዎች ጣትና እግር የሚያልቀው ሥጋው በራሱ ስለሚረግፍ ሳይሆን ሕመም ስለማይሰማቸው መሆኑን አስተማረ፤ የደከመውንም እጅ ከሌላ ስፍራ ጅማት እያዛወረ አሠራው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ በአለርት፣ ይኸው ጥበብ ለአገራችንና ለአፍሪካ ሐኪሞች ሲሰጥ ኖሯል። ሕመም ራሱ ለጥበቃ የተሰጠ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እሾህ ሲወጋው የሚያማርር አይመስለኝም።

ቀዶ ሐኪም የፈጠረው ነገር የለም። ጅማት አልሠራም፣ ቆዳ አልሠራም፣ አንዲት የደም ሥርም አልሠራም። ያደረገው የተቀመጠበትን ስፍራ አውቆ፣ ከተቀመጠበት አንሥቶ፣ ወደ ጎደለበት ማድረስ ነው። ይህም ታላቅ ነገር ነው፤ ዓመታት ይማሩለታል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ይሠሩታል፤ ምስጋናም ይገባቸዋል። ነገር ግን ለአውራ ጣት ጡንቻ ሁለተኛ ሥራ የሚሆን ጉልበት፣ ለባት ቆዳ የተገላቢጦሽ መንገድ፣ ለጭን ሽፋን ጅማት የመሆን ዝግጁነት ከሐኪሙ መወለድ በፊት ተቀምጠው ነበር። እጥፍ አድርጎ የሰጠን ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ይህ አይበቃም የሚል ካለ፣ እኔ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለኝም።

መጠባበቂያ መኖሩ ግን ለማባከን ፈቃድ አይደለም። ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ እጆች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ከገጠር ተነሥቶ እነሱ ዘንድ እስኪደረስ ጅማቱ ይደርቃል። ስለዚህ በሞተርና በብስክሌት ልጅ የምትጭኑ ሁሉ የኋላውን ጎማ በመከለያ ሸፍኑት፤ እግሩ መርገጫ የማይደርስ ልጅ አትጫኑ። ጉዳቱ ከደረሰም በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ደሙን አቁሙ፤ የተንጠለጠለውን ቆዳ አትቁረጡ፤ ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ አታድርጉበት፤ ጅማቱ እንዳይደርቅ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ሸፍናችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት።